ቦይለሩ ሌት ተቀን በርቶ ሦስተኛው ሰው ለምን በቀዝቃዛ ይታጠባል?

የጠባሴው · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 2:10

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጠባሴ። ህዳር ላይ ከዚህ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ስለ ብርድ ነው። የኔም ያው ነው።

አምና ሻወር ቤት አሠራሁና 80 ሊትር ቦይለር አስገጠምኩ። ጎኑ ላይ 1500 ዋት ይላል። ቴርሞስታቱን መጨረሻው ድረስ አዙሬዋለሁ፣ 75 ላይ ነው። ብሬከሩን አጥፍቼው አላውቅም።

ጠዋት መጀመሪያ የሚገቡት አባባ ናቸው። ቤተክርስቲያን ስለሚስሙ ከሁላችን በፊት ይነሳሉ። እሳቸው ጋ ውሃው ያቃጥላል። ቀጥዬ እኔ እገባለሁ። ሳሙናውን ከፀጉሬ ሳላስለቅቅ ለብ ይላል። ባለቤቴ ሦስተኛ ናት። እሷ ጋ ሲደርስ በቀጥታ ከበሬሳ ወንዝ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ጩኸቷን ጎረቤት ለምዶታል።

ካርዱ ደግሞ እንደ ጉድ ይበላል። እንግዲህ ሙቀቱን ከዚህ በላይ የምጨምርበት ቦታ የለም። ምን ላድርግ? ሌት ተቀን ይብራ ወይስ ላጥፋው? ወይስ ትልቅ ልግዛ?

ብርድ ለምኔ · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 2:31

80 ለሦስት ሰው አይበቃም። 100 ግዛና ተገላገል። እኛ ቤት 100 ነው፣ ሁላችንም ታጥበን ልብስ ማጠቢያም ይተርፋል።

ጡረተኛው · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 3:05

ልጄ፣ ማጥፋቱን እንዳትሞክረው። ውሃው ቀዝቅዞ እንደገና ከዜሮ ሲሞቅ ነው ቆጣሪውን የሚያዞረው። የእንጀራ ምጣድ አታይም? አንዴ እስኪሰማ ነው ጣጣው። ከሰማ በኋላ ሃያ እንጀራ ብታወጣ ምንም አይደል። ቦይለርም እንደዚያው ነው። እኔ ከገጠምኩት ጀምሮ አጥፍቼው አላውቅም።

የፍቼዋ · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 3:20

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምጣዱን ካነሱት አይቀር እኔም የምለው አለኝ። ምጣድ ከሰማ በኋላ ማከታተሉ ልክ ነው። ግን የዛሬውን ጋግሬ ስጨርስ፣ ለሐሙስ እንደሰማ ይቆየኝ ብዬ አብርቼው አላድርም! አጥፍቼ ሐሙስ እንደገና አሰማዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የበራ ቦይለር ማለት ማንም ሳይጋግርበት የበራ ምጣድ ነው።

ጠመኔ · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 4:02

የፍቼዋ እህቴ የኔን ክፍለ ጊዜ ወሰደችብኝ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እሷ በሦስት መስመር የጨረሰችውን እኔ በሰሌዳ ሙሉ ነው የማስረዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትኩስ ነገር ከአካባቢው ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት በሰፋ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ሙቀት ያፈሳል። ቦይለሩ 75 ላይ ሲያድር ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳል፣ ያፈሰሰውንም ይተካል። ከጠፋ ግን እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሚያፈሰውም አብሮ እያነሰ ይመጣል። ጠዋት መልሶ ለማሞቅ የሚፈጀው በሌሊት የወጣውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማጥፋት ሁልጊዜ ይቆጥባል። ምን ያህል የሚለው ነው የሚለያየው። ውስጡ ሙቀት የሚይዝ ጥሩ ፎም ካለው ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ አሮጌ ከሆነ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጠባሴው ልጅ። የናንተ ታንከር ውሃ በዚህ ወቅት ጠዋት 10 ዲግሪ ነው እንበል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 80 ሊትሩን ከ10 ወደ 75 ለማድረስ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በ1500 ዋት አራት ሰዓት ይወስዳል።

ዋናው ግን እዚህ ጋ ነው። 80 ሊትር የ75 ዲግሪ ውሃ ከ10 ዲግሪው ጋር ተቀላቅሎ ገላ የሚታጠቡበት 40 ዲግሪ ሲሆን 173 ሊትር ይወጣዋል። ከመጨረሻው ትንሽ ቢቀዘቅዝ እንኳ፣ ለአንድ ሰው 50 ሊትር ብናደርግ ሦስት ሰው ታጥቦ መውጣት አለበት። ሒሳቡ እምቢ አለኝ። ችግሩ የቦይለሩ ማነስ አይመስለኝም። ገና 100 ሊትር እንዳትገዛ።

የሸዋሮቢቱ · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 4:15

ከሸዋሮቢት ሰላምታ። እኛ ቦይለራችን ሮቶ ይባላል፣ ጣራ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ቴርሞስታቱ ፀሐይ ናት 😄 ሚያዝያ ላይ ከቧንቧ የሚወጣው ቀዝቃዛ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁኝ።

ጠመኔ · ህዳር 18፣ ከምሽቱ 4:22

መሳቅህ ካልቀረ ሒሳቡንም ውሰድ። ያንተ ውሃ 25 ዲግሪ ከሆነ 50 ሊትሩን 40 ለማድረስ 0.87 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃሃል። ጠባሴ ላይ ለዚያው መታጠቢያ 1.74 ያስፈልጋል። ልክ እጥፍ። የጣርማ በርን ተራራ ወርደህ የምታገኘው ትርፍ ቆጣሪ ላይም ይታያል ማለት ነው።

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 19፣ ከጠዋቱ 1:40

ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ልግባበት። ጠመኔ ልክ ነው፣ 80 ሊትር 75 ላይ ሆኖ በሁለተኛው ሰው ማለቅ የለበትም። ሰው ውሃው ሲቀዘቅዝበት መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ነው የሚያጦዘው። እኔ መጀመሪያ የማየው ሙቁ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

የጠባሴው ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ሞክርልኝ።

አንደኛ፣ ጠዋት ማንም ሳይታጠብ 20 ሊትር ባልዲ አዘጋጅ። ቀዝቃዛውን ሳትነካ ሙቁን ብቻ ከፍተህ አራት ባልዲ በተከታታይ ቅዳ። እያንዳንዱን በእጅህ እየነካህ መዝግብ። እንዳታቃጥል፣ በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገህ መልስ። ጤነኛ ቦይለር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ባልዲዎች እኩል ትኩስ ይሰጥሃል፣ ከዚያ ድንገት ይወርዳል። የታመመ ከሆነ ከመጀመሪያው ባልዲ ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ ዝጋና የሙቁን ቧንቧ ክፈት። ትንሽ ፈስሶ መቆም አለበት። ካልቆመ የሆነ ሚክሰር (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ላይ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እያለፈ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ የሽንት ቤቷ የእጅ ሻወር ናት። ሚክሰሩ ክፍት ሆኖ ጫፏ ላይ ብቻ ትዘጋለች፣ ውስጥ ለውስጥ ሁለቱ ይገናኛሉ።

ወለተ መንዝ · ህዳር 19፣ ከጠዋቱ 3:12

መሃል ሜዳ ነኝ፣ እናንተ ብርድ የምትሉት ለኛ ካፖርት ማውለቂያ ነው።

እኔ ሶላር ነው ያስገጠምኩት። ቀን ደስ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ፊት ይመታል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ግን ከሮቶ ወደ ሶላሩ የሚሄደው ቀጭን ቧንቧ በረዶ ሆኖ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ ጣራውን እስክትነካው ጠብታ የለም። ባለፈው ዓመት አንዱ መጋጠሚያ ተሰነጠቀ። እና ማታ ነው የምንታጠበው፣ ተላመድነው።

ጥያቄዬ፦ ለኤሌክትሪኩ ቦይለር ባና ብናለብሰውስ? አልቀለድኩም። አያቴ የሞተ ሰው የሚያሞቅ ባና ትታልኛለች።

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 19፣ ከጠዋቱ 4:00

ወለቴ፣ ባናውን ለራስሽ ልበሽው። ቦይለሩ ሞቆ እያለ ቆርቆሮውን በመዳፍሽ ንኪው። ለብ እንኳ ካላለ ውስጡ ያለው ፎም ሥራውን እየሠራ ነው፣ ባና ብታለብሽው የሚጨምረው ጥቂት ነው። ከታች ያለውን የኤሌክትሪክ ክዳንና ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ማስተንፈሻውን) ደግሞ በፍጹም መሸፈን አይቻልም፣ እሳት ነው።

ሙቀቱ የሚያመልጠው በቧንቧው ነው። ከቦይለሩ የሚወጣውን የሙቅ ቧንቧ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሜትር ንኪው። ማንም ሳይጠቀም ትኩስ ከሆነ እሱን አልብሺው። የኤሲ ቧንቧ ላይ የሚገባው ጥቁር ስፖንጅ የትም አለ። የውጪውንም የሶላር ቧንቧ እንደዚያው። ስፖንጁ ፀሐይ ስለሚበላው ላዩን በፕላስቲክ ጠቅልዪው።

ጡረተኛው · ህዳር 19፣ ከቀኑ 6:30

ምጣዷን ተቀብያለሁ፣ ልጅቷ ልክ ናት። ባለቤቴም ይህንኑ ስትለኝ ከርማለች።

ካነሳችሁት አይቀር፣ የኔ ቦይለር ሥሩ ያለችው ቫልቭ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ትላለች። ወለሉን ስላበላሸችብኝ በቡሽ ደፍኜ በላስቲክ ጥፍር አድርጌ አስሬያታለሁ። ሙቀት በእሷ በኩል ያመልጥ ይሆን?

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 19፣ ከቀኑ 6:34

ጋሼ!! አሁኑኑ ብሬከሩን ያጥፉ። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱት። ሲቀዘቅዝ ቡሹን ያውጡ። እባክዎን ይህን ሳይጨርሱ መልስ እንዳይጽፉልኝ።

ጠመኔ · ህዳር 19፣ ከቀኑ 6:50

ጋሽ ጡረተኛ እስኪመለሱ ለሌላው ላስረዳ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 80 ሊትር ከ10 ወደ 60 ሲሞቅ 1.3 ሊትር ያህል ይጨምራል። መግቢያው ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አለ፣ ስለዚህ ያ ትርፍ የሚወጣው በሴፍቲ ቫልቩ ነው። ሲሞቅ መንጠባጠቡ ጤናው ነው። ሲቀዘቅዝም ቀኑን ሙሉ ከፈሰሰ ያኔ ነው ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቩ ቆሽሿል የሚባለው። ተደፍኖ ቴርሞስታቱም አብሮ ቢበላሽ ቦይለሩ ቦምብ ነው። ይህን በማጋነን አይደለም የምለው።

ጡረተኛው · ህዳር 19፣ ከቀኑ 8:15

አውጥቻለሁ። ቡሹ ሲወጣ ፍስስ አለና ፊቴ ላይ ረጨኝ። የልጅ ልጄ ቀጭን ጎማ አስገብቶ ወደ ባዶ ሃይላንድ አወረደልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ደነገጥኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

የጠባሴው · ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 2:25

እኔም ፈተናዬን ፈተንኩ። አባባ ባልዲ ተሸክሜ ስመላለስ አይተው «ጠበል ነው እንዴ?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ባልዲ፦ ጣት አያስነካም።
ሁለተኛው፦ ያቃጥላል፣ ግን ጣት ይቆያል።
ሦስተኛው፦ ለሕፃን ገላ የሚሆን።
አራተኛው፦ ለብ ያለ፣ ከዚያም በታች።

ቫልቩን ስዘጋ ደግሞ ውሃው ትንሽ ፈሶ ቆመ። የእጅ ሻወሯ ነፃ ናት።

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 2:40

እየደከመ ነው የመጣው፣ ድንገት አልወረደም። የገመትኩት እየሆነ ነው። አሁን የስልክህን መብራት ይዘህ ከቦይለሩ ሥር አንጋጥ። ሁለት ቧንቧ ይገባል። አንዱ ሥር ሰማያዊ ቀለበት አለ፣ አንዱ ሥር ቀይ። ሴፍቲ ቫልቩ የትኛው ላይ ነው?

የጠባሴው · ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 2:52

ቀዩ ላይ።

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 2:53

ተገኘ። ተገላቢጦሽ ነው የተገጠመልህ።

የፍቼዋ · ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 3:30

እስቲ ለኛም አብራሩልን። ውሃው ገብቶ እስከወጣ ድረስ በየት ገባ በየት ወጣ ምን ለውጥ ያመጣል?

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 20፣ ከጠዋቱ 4:10

ከውጪ ሲታይ ሁለቱም ከሥር የሚገቡ እኩል ቧንቧዎች ናቸው፣ ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው። ውስጥ ግን እኩል አይደሉም። የሰማያዊው አጭር ነው፣ ታች ላይ ያልቃል። የቀዩ ረጅም ቱቦ ነው፣ እስከ ቦይለሩ አናት ይወጣል። ትኩስ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ታች ይተኛል። በልኩ ሲገጠም ቀዝቃዛው በታች ቀስ ብሎ ይገባል፣ ትኩሱን ሳይበጠብጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ትኩሱ ከአናት ይወጣል። እስከ መጨረሻው ድረስ ትኩስ ነው።

ሲገለበጥ ቀዝቃዛው ከአናት ነው የሚወርደው። ድስት ሙሉ ትኩስ ወጥ ላይ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስክ ከሥር መቅዳት በለው። መውጫው ደግሞ ታች ነው፣ ገና ያልሞቀውን ነው የሚያወጣልህ። ቴርሞስታቱን 75 አይደለም 90 ብታደርገው መድኃኒት አይሆነውም።

ማስተካከሉ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ግን በቅደም ተከተል። ብሬከር ይጠፋል። በቴስተር መጥፋቱ ይረጋገጣል፣ «አጥፍቼዋለሁ» አይበቃም። መግቢያው ይዘጋል፣ የሙቁ ቧንቧ ይከፈታል፣ ቦይለሩ ይተነፍሳል፣ ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ሁለቱ ፍሌክሲብል ቱቦዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ሴፍቲ ቫልቩ ወደ ሰማያዊው ይዞራል። ሲሞላ የሙቁን ቧንቧ ከፍተህ ጠብቅ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ይንኮራፈፋል። ውሃው ሳያቋርጥ ሲወርድ ነው ብሬከር የሚነሳው። ባዶውን ከበራ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ደቂቃ አይቆይም።

በተከፈተበት አጋጣሚ ግራውንዱን አሳየው። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ዲቫይደር ላይ የተሰካ ቦይለር ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ንቀሉልኝ። ቀልጦ ያየሁት ብዙ ነው።

ብርድ ለምኔ · ህዳር 20፣ ከምሽቱ 1:05

እሺ 100 ግዛ ያልኩትን ሰርዣለሁ። ግን ከተስተካከለ በኋላ ለምን 45 ላይ አያደርገውም? ቀዝቃዛ ሳይቀላቅል በቀጥታ ይታጠባል። መብራትም ይቆጥባል።

ጠመኔ · ህዳር 20፣ ከምሽቱ 2:00

ሁለት ችግር አለው። አንዱ የመጠን ነው። 45 ላይ ያለ 80 ሊትር ከ10 ዲግሪው ጋር ሲቀላቀል 93 ሊትር ብቻ ነው የሚሆነው። ሦስተኛዋ ሰው መጮኋን ትቀጥላለች።

ሌላው የጤና ነው። ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ የሳንባ ምች ያመጣል። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለው የቆመ ውሃ ይመቸዋል። ከሻወሩ በሚረጩ ደቃቅ ጠብታዎች ወደ ሳንባ ይገባል። 60 ላይ ይሞታል። ቤት ውስጥ አዛውንት ካሉ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ የኔ ቁጥር 60 ነው። ከ10 ወደ 60 ሲሞቅ 4.65 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፣ 133 ሊትር መታጠቢያ ይሰጣል። ሳሙና ሲቀቡ ውሃውን ከዘጉት ለሦስት ሰው ይበቃል።

60 ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አምስት ሰከንድ ገላ ላይ ከቆየ ያቃጥላል። 70 ከሆነ አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። ሕፃን የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ምንጊዜም ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ትኩሱ ይከተል።

የሸዋሮቢቱ · ህዳር 20፣ ከምሽቱ 2:20

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ያቺን ጭንቅላቷ ላይ የምታሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ግጠሙ። እኛ ጋ አንድ ዘመዴ አለው፣ ተአምር ነው።

ቧንቧና ሽቦ · ህዳር 20፣ ከምሽቱ 2:45

እናንተ ጋ ተአምር ነው፣ እዚህ ግን ሽንት ነው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። 5500 ዋቷ እንኳ 10 ዲግሪ ውሃ 40 ለማድረስ በደቂቃ 2.6 ሊትር ብቻ ነው የምትችለው። ሰፋ አድርገህ ስትከፍታት ትቀዘቅዛለች፣ ስታጠባት እንደ ክር ትወርዳለች። 25 አምፔር ትስባለች፣ የድሮ ቤት ሽቦ አይችላትም። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲያበራ ደግሞ ኃይሉ ይወርዳል፣ በቃ።

ስለ ኃይል መውረድ ካነሳሁ፣ ቦይለርንም ይመለከታል። 220 የነበረው 180 ሲሆን 1500 ዋቱ 1000 ይሆናል። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ማሞቅ አራት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ቦይለሩ ደከመ ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ። ሄጄ ስለካው የደከመው መስመሩ ነው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ መስመሩ ይታደሳል። ስለዚህ ለጠዋት ከሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያበራ፣ 12 ሰዓት ላይ የሚያጠፋ ታይመር አስገባ። ባትሪ ያለውን ምረጥ። ባትሪ የሌለው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። ሁለቴ ከጠፋ ለጠዋት ያልከው ለምሳ ይሞቅልሃል። 16 አምፔር የሚችል ይሁን፣ ለአምፖል የተሠራው ይነዳል።

የፍቼዋ · ህዳር 20፣ ከምሽቱ 3:10

አንድ እኔ ያየሁትን ልጨምር። ኩሽናችን ከቦይለሩ በጣም ሩቅ ነው። ሰሃን ለማለቅለቅ ሙቁን እከፍታለሁ፣ ሳይደርስልኝ እጄን ታጥቤ እዘጋለሁ። ሙቁ ውሃ ቧንቧው ውስጥ ቀርቶ ይቀዘቅዛል። በቀን አሥር ጊዜ። አሁን ለእጅና ለሰሃን የሙቁን ቧንቧ አልነካውም፣ ከፈለግሁ በማንቆርቆሪያ አሞቃለሁ።

ጠመኔ · ህዳር 20፣ ከምሽቱ 3:25

12 ሜትር የሚሆን ወፍራሙ የፒፒአር ቧንቧ ውስጥ ወደ 2.7 ሊትር ይቀራል። አሥር ጊዜ ማለት አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት። ማንም ሳይታጠብበት የአንድ ሰው ገላ መታጠቢያ ያህል ነው። እቺ ሴት ክፍሌ ብትኖር ጥሩ ነበር።

የጠባሴው · ታህሳስ 9፣ ከምሽቱ 2:40

ዝም ያልኩት ቁጥር ልይዝ ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ ጥገናው። መጀመሪያ የገጠመውን ሰው ደወልኩለት፣ ስልኩ አይነሳም። ሌላ መጣ። ሲፈታው ከታች የወጣው ውሃ ነጭ ደለል ነበረው፣ እንደ ኖራ። ሬዚስታንሱም ቅርፊት ይዟል። ለካ ሲሞቅ እንደ ማንቆርቆሪያ የሚንሾካሾከው ለዚህ ነው። አጥቦ መለሰው። ውስጡ ያለችው የማግኒዚየም ዘንግ ከግማሽ በላይ ተበልታለች። የታንከሩ ብረት እንዳይዝግ በሱ ፈንታ የምትበላው እሷ ናት አለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትቀየራለች።

የባልዲውን ፈተና በ60 ደገምኩት። ሦስቱ ባልዲ እኩል ትኩስ ወጡ። አራተኛው ላይ ድንገት ወደቀ። ልክ እንደተባለው! ባልዲ ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ጠመኔ የጻፈውን ልፈትን ብዬ አንድ ቅዳሜ ማታ አሞቅኩትና አጠፋሁት። ማንም ሳይነካው 24 ሰዓት ቆየ። እሁድ ማታ ስመልሰው የቦይለሩ መብራት እስክትጠፋ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። በ1500 ዋት 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ቆሞ ብቻ ያፈሰሰው። በ75 ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ነበር።

የካርዱ ነገር፣ ቤቱ በጠቅላላ በቀን ወደ 13 ይቆጥር የነበረው አሁን 11 አካባቢ ነው። ተአምር አይደለም። ደግሞም አሁን ሦስታችንም በሙቅ ነው የምንታጠበው፣ በፊት አንድ ሰው ከግማሽ ነበር። ፍጆታው ስለወረደ ወር መጨረሻ ላይ ይታያል ብዬ እጠብቃለሁ።

አንድ ያልተፈታ አለ። አባባ ታይመሩን አያምኑትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው መብራቷ መብራቷን ያያሉ።

ጡረተኛው · ታህሳስ 9፣ ከምሽቱ 3:00

አባትህን አትንካቸው። እኔም አያለሁ።

ሦስተኛዋ · ታህሳስ 10፣ ከጠዋቱ 4:18

እናንተ «ሦስተኛዋ» ስትሉ የከረማችሁት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ስልኩን ወስጄ ሁሉንም አነበብኩት።

ቦይለሩ የተገጠመ ቀን ቆሜ ነበር። ቀዩ ላይ የቀዝቃዛው ቧንቧ ሲገባ አይቼ «ወንድሜ፣ ቀዩ የሙቅ አይደለም እንዴ?» አልኩት። «እመቤት፣ ቀለሙ ለጌጥ ነው» አለኝ። ባለቤቴም አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሳቀ።

ወለተ መንዝ · ታህሳስ 10፣ ከጠዋቱ 4:25

😂😂 የጠባሴው፣ የት ገባህ?

የጠባሴው · ታህሳስ 10፣ ከጠዋቱ 6:50

አለሁ። ከነገ ጀምሮ ሦስተኛ የምገባው እኔ ነኝ።